ጎሚስታው አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው እንደ መታ

ድራም መምታት በጀመረ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ሰባተኛው ዘፋኝ ማይክራፎኑን በጨበጠ በአምስተኛው ወር፣ ሁለተኛው ማጉያ ጢስ ጢስ ብሎ ካረፈና ሦስተኛው ማጉያ በምትኩ ከተሰየመ ወዲህ፣ መዋዔ ጎማ፣ ሥዩመ ከበሮ፣ የቸርኬ ወዳጅ፣ ክንደ ብርቱና ጆሮ ጽኑዕ የሆነው ጎሚስታ፣ ከእርሱ ጋር የተነሡት ሁሉ ጀምረውት ማንም ያልፈጸመውን ሥራ ፈጸመ፤ ይኸውም አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መምታት ነው። ይህን የሚያነብ አይሳቅ፤ መሳቁ ካልቀረም ቀስ ብሎ ይሳቅ።

የባንዱ ስም የብረት ዝናብ ይባላል፤ የሚጫወቱትም ሃርድ ሮክ ነው። በፊተኛው ዓመት አራት ሆነው ተነሡ፤ ጎሚስታው ከበሮውን፣ የጥርስ ሐኪሙ ጊታሩን፣ ዳቦ ጋጋሪው ቤዙን፣ የፊዚክስ መምህሩ ጉሮሮውን ይዘው መጡና መናገሻቸውን በጎሚስታው ታላቅ እኅት ጋራዥ አደረጉ፤ እርሷም መጋረጃ ሰፊ፣ መኪና ሳይኖራት ጋራዥ ያላት፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላት ሴት ናት። ጋራዡ ርዝመቱ ስምንት እርምጃ፣ ወርዱ አምስት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ዘፈኑን ከዝናቡ የሚለይ አልነበረም፣ ጎረቤቶችም ዝናቡን ይመርጡ ነበር። በዚያም “አልበርድም” የሚባል ታላቅ ዘፈን ሊሠሩ ጀመሩ፤ መግቢያውን ሠሩ፣ ስንኙን ሠሩ፣ አዝማቹን ሠሩ፣ ወደ መጨረሻውም ሊሻገሩ ሲሉ የቬንቲሌተር ጠብ ተነሣ።

የጥርስ ሐኪሙ ቬንቲሌተሩ ወደ እኔ አይዞርም፣ ሁልጊዜ ወደ ዘፋኙ ነው የሚዞረው ብሎ ተቆጣ፤ ጊታሩን ከተተ፤ ከበሩም ላይ ቆሞ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ስሙኝ! መግቢያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው ጣቱን ቢያሳርፍበት ዓይኔን አያየውም!» ጎሚስታውም ይሉኝታ የሚገድለው፣ ጠብ ካየ ምሳው የማይወርድለት ሰው ነውና፣ ሰውዬው ደስ ብሎት እንዲሄድ ብሎ የጎማ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና በግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «የወጣ ሰው የሠራውን ይዞ ይውጣ። የቀረ አይንካበት።» ይህም ለባንዱ ሕግ ሆነ። ያን ዕለት ደግ የሠራ መስሎት እፎይ ብሎ አደረ፤ ምስኪን!

እምድኅረ ዝንቱ የስደቱ ዘመን ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው ተከተለ፤ የቤዙን ጉዞ ይዞ ሄደ። የፊዚክስ መምህሩ ተከተለ፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ይዞ ሄደ። በእነርሱ ፈንታ ሌሎች ገቡ፤ በጎደለው ፈንታ ሌላ ሠሩ፤ እነርሱም በተራቸው ወጡ፣ የሠሩትንም ይዘው ወጡ። ሁለተኛው ዘፋኝ ዋናተኛ ሲሆን ትንፋሹ ረዥም፣ ትዕግሥቱ አጭር ነበረ፤ ሦስተኛው ሲያገባ ወጣ፤ አራተኛው ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ገብቶ፣ ስትታረቀው ወጣ። ከጊታር ነገድ ስመ ጥሩው ፖስተኛው ነው፤ ብቻውን የሚጫወተው ሶሎ ሰባት ደቂቃ ይፈጅ ነበርና፣ በስድስት አድርገው ቢሉት ክብሬ ተነካ ብሎ ተሰደደ። ነዳጅ ቀጂው ከዳቦ ጋጋሪው ቀጥሎ ቤዝ የያዘ ሲሆን፣ ያንን የቤዝ ጉዞ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት ስላለ ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። አንድ ፀጉር አስተካካይም በኦርጋን መጥቶ ነበረ፤ ሁለት ቀን ብቻ ቆየ፤ በሁለት ቀኑም አንዲት ድምፅ ብቻ አስገባ፤ ሲወጣ ግን እርሷንም አልተዋትም። እንዲህ እንዲህ እያለ የስደተኛው ቁጥር አሥራ ሰባት ደረሰ፤ ስድስት ዘፋኝ፣ ስድስት ጊታር፣ አራት ቤዝ፣ አንድ ኦርጋን።

“አልበርድም” እንግዲህ በክፉ እጅ እንደ ወደቀ መኪና ሆነ፤ በሩ ተነቀለ፣ ወንበሩ ተነቀለ፣ መሪው ተነቀለ፣ የቀረው የጎሚስታው ከበሮ ብቻ ነው። ሌላ ዘፈን ቢጀምሩ ግማሽ ሳይደርስ አንዱ ይኮበልልና ግማሹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የብረት ዝናብ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ዘፈን ጨርሶ አያውቅም።

በዚያም ዓመት እትዬ ስድስት የስፌት መኪና ልታስገባ ቦታ ፈለገች። እርሷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወንድሟን እንደ ልጇ ያሳደገችው እርሷ ናት፤ ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሰማን ጅምር ማን ይችላል? ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ በጋራዡ ደጃፍ ቆማ አዋጅ አወጀች፦ «ስማኝ የኔ ልጅ፣ ያልሰማህም ከጎረቤት ጠይቅ! ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ አዳራሽ አንድ ዘፈን፣ አንድ ብቻ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ሰው ፊት ከተጫወትክ ጋራዡ እስከ ዕድሜ ልክህ ያንተ ነው። ካልተጫወትክ ግን ሰኞ ጠዋት ከበሮህን አንሣልኝ፤ መኪኖቼ ይገባሉ። አሁን ደግሞ አታልቅስብኝ!»

ጎሚስታው አላለቀሰም። የሚኖርባት ክፍል ከአልጋው ሌላ ባልዲ እንኳ አታስገባም፤ ከበሮው ከጋራዡ ከወጣ መድረሻ የለውም፤ ከበሮው ከሌለ ደግሞ ባንድ የለም። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ተንበርክኮ «ይቺን ንፋልኝ፣ ቶሎ በል» ሲሉት ውሎ፣ ከከበሮው ኋላ ሲቀመጥ ብቻ ነው ቀና ብሎ የሚቀመጠው። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ይሉኝታው አያስነግረውም።

በዘመኑ ከእርሱ ጋር የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሰባተኛው ዘፋኝ እርሱም የኢንሹራንስ ሠራተኛው፣ ጊታሩን የያዘው ፋርማሲስት እርሱም የዘፋኙ ሚስት ወንድም፣ ቤዙን የያዘው ሊፍት ጠጋኝ። ሌት ተቀን ብለው አዲስ ዘፈን አዘጋጁ። ይህም ወሬ ለአሥራ ሰባቱ ስደተኞች ደረሰ፤ እነርሱም ተጠራርተው በዳቦ ቤቱ ጓሮ ተሰበሰቡ፤ በአንድ ድምፅም እንዲህ ብለው ላኩበት፦ «ቅዳሜ እንመጣለን። ከፊት ነው የምንቀመጠው። ከሠራነው ውስጥ አንዲት ነገር ብትነካ እዚያው እንነሣለን፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል!» ምናልባት ክርክር ቢነሣ የየራሳቸውን ሥራ ለማስመስከር እያንዳንዳቸው መሣሪያቸውን በማስረጃነት ይዘው ሊመጡ ተማማሉ።

ቅዳሜም ደረሰች። አዳራሹ መቶ ሃያ ወንበር ነበረው፤ የመጣው ሰው አርባ ሦስት ነው፤ ከእነዚህም አሥራ ሰባቱ ስደተኞች በፊተኛው ሁለት ረድፍ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ እትዬም በመካከላቸው ተቀመጠች። ወዲያውም ከመጋረጃው ኋላ መዓት ወረደ። ሰባተኛው ዘፋኝ በበሩ ላይ የተለጠፈውን ፖስተር አይቶ፣ የጎሚስታው ፎቶ ከእኔ ፎቶ በአንድ ጣት ይበልጣል ብሎ በጣቱ ለክቶ አረጋገጠና፦ «እኔ እዚህ ጌጥ ነኝ እንዴ? በቃኝ! ግጥሜንም ይዤ ሄጃለሁ!» ብሎ አወጀ። ፋርማሲስቱም፦ «እህቴ ታኮርፈኛለች፣ እኔም ወጥቻለሁ፣ ጊታሩም ወጥቷል!» ብሎ ተከተለ። ሊፍት ጠጋኙ መውጣት አልፈለገም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቤዙን አቅፎ ቆመ፤ በመጨረሻ ግን፦ «ጎሚስታዬ፣ ይቅር በለኝ፣ የመጣሁበት መኪና የነሱ ነው!» ብሎ ሮጠ። አዲሱም ዘፈን በሕጉ መሠረት አብሯቸው በዚያው መኪና ሄደ።

ያን ጊዜ ጎሚስታው ብቻውን ቀረ። ፈራ። ይህን መደበቅ ለዜና መዋዕል ጸሐፊ ነውር ነው፤ ፈራ፣ የኋላውንም በር ሁለት ጊዜ አየው። ነገር ግን መጋረጃውን የሚስበው ሰው ነገሩን አልሰማም ነበርና ሳበው፤ አርባ ሦስት ሰው አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው ከበሮ ኋላ ተቀምጦ አየ። እትዬ በእጇ አፏን ያዘች። እርሱም ሌላ የሚመታው ስላልነበረው፣ ማንም ሊወስድበት ያልቻለውን ብቸኛ ንብረቱን፣ የ“አልበርድም”ን ከበሮ መታ፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ቆርቆሮ እንደሚያነሣ ነፋስ አድርጎ መታ።

ከበሮውም መግቢያው ሊገባበት ከሚገባው ስፍራ ደረሰ፤ ስፍራው ባዶ ነበረ፤ ባዶውንም ስፍራ አለፈና እንደገና ዞረበት። የጥርስ ሐኪሙ በወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ባዶው ስፍራ ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፍ ግንባሩን ላበው፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ ግን አላስችል አለውና፦ «እኔ ነኝ የሠራሁት! እኔ ልጫወተው ማን ከለከለኝ?» ብሎ አወጀ፤ ማስረጃውን ከቦርሳ መዝዞ ወደ መድረክ ዘለለ። እውነቱን ነው፤ ሕጉ የሚከለክለው የቀረውን እንጂ የሠራውን አይደለም። ይህን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም፤ አሥራ ሰባቱም ዘፈኑን ሲጠብቁት የኖሩት ስለ ጠሉት መሰላቸው እንጂ ስለ ወደዱት አልመሰላቸውም።

መግቢያው ከተሰማ ወዲያ ማን ይቀመጣል? የፊዚክስ መምህሩ ፀጉሩ አልቆ፣ ድምፁ ግን እንዳለ ሆኖ ወጣና የመጀመሪያውን ስንኝ አወረደ። ዋናተኛው ሁለተኛውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ዳቦ ጋጋሪውና ነዳጅ ቀጂው ለቤዙ እኩል ተሽቀዳደሙ፤ ማጉያው ላይ ለቤዝ የሚሆነው ቀዳዳ ግን አንድ ብቻ ነበረና፣ ሳይተያዩ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ በግራ እጁ የቤዙን አንገት ይዞ ሌላው በቀኝ እጁ ክሩን እየመታ አንድ ቤዝ ለሁለት ተጫወቱ፤ ሲጫወቱም አንዳች አልሳቱም። ፖስተኛው ሶሎውን ተጫወተ፤ ሰባቱንም ደቂቃ ተጫወተ፤ ሕዝቡም ቻለ። ፀጉር አስተካካዩ ኦርጋኑን በሁለት ሰው አሸክሞ ወጣ፤ ተራውን ጠበቀ፤ ያቺን አንዲት ድምፅ አሰማና እጅ ነሥቶ ወረደ፤ ለእርሷም ብቻ የተለየ ጭብጨባ ተደረገ። አሥራ ሰባቱም በዚህ ዓይነት ወጡ፤ መድረኩ ጠበበ፤ አዝማቹን ሁሉም በየጉሮሮው ጮኸ።

ከዚህ በኋላ ታላቁ ጭንቅ መጣ። አዝማቹ አለቀ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ጠፋ። የዘፈኑን መጨረሻ ማንም ይዞ አልሄደም፤ ምክንያቱም ማንም አልሠራውም፤ ቬንቲሌተሩ ቀድሟቸው ነበርና። ስለዚህ አዝማቹን ደገሙት፤ ደግመው ደገሙት፤ አምስተኛ ጊዜ ሲደግሙት የዘፋኞቹ ድምፅ ይሰነጠቅ ጀመር፤ የነዳጅ ቀጂው ጣት አበጠ፤ እትዬም ከወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና ሜትሯን በመዳፏ ጨመቀች፤ ያላለቀ ዘፈን እንደ አዋጇ ዘፈን አይደለምና። በዚያን ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ ወደ ኋላ ዞረ። መምህሩም ዞረ፤ አንድ በአንድ ሁሉም ዞሩ።

ጎሚስታው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የእነዚህን ሰዎች ጀርባ ነበር የሚያውቀው፤ የማን ሸሚዝ ከየት እንደሚተረተር፣ የማን ትከሻ ከመኮብለሉ ሳምንት አስቀድሞ እንደሚወጠር ያውቅ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ፊት አየ፤ ሁሉም የእርሱን እጅ ይጠብቁ ነበር፤ ደስ አለው። የጭነት መኪና ጎማ በቸርኬው ላይ ሲያስቀምጥ ሁለቴ ይመታል፣ ጎማው መቀመጡን ያዳምጣል፣ ከዚያ አንዴ ይጨምርና ይተወዋል፤ ከዚህ ሌላ ነገር የሚጨርስበት መንገድ አልነበረውም። ሁለቴ መታ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አዳመጠ። አንዴ ጨመረ፤ በትሮቹንም አስቀመጠ።

እትዬ ከሁሉ በፊት ተነሣች፤ አፍንጫዋን በመጋረጃ ቁራጭ ጠረገችና አወጀች፦ «አለቀ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልቋል! ጋራዡ የወንድሜ ነው፤ ኧረ እሰይ የኔ ልጅ!» አሥራ ሰባቱም ተቃቅፈው ወደ ባንዱ መመለሳቸውን አወጁ፤ አዳራሹን ለቀው ሳይወጡም ከእኔና ከአንተ ማን በለጠ በሚል ጠብ ዘጠኙ እንደገና ኮበለሉ፤ ሁለቱ ባለ ቤዝ ግን እየተነጋገሩ ነው የወጡት፤ ስድባቸውን ለታሪክ መጻፍ አልፈቀድንም።

ጎሚስታው ግን ወዴትም አልሄደም። በሕጉ መሠረት መጨረሻው የእርሱ ነው፤ ቢወጣ ይዞት ይወጣልና ዘፈኑ ዳግመኛ አያልቅም፤ ስለዚህም አይወጣም። እንግዲህ ሌሎች በድምፃቸው ይመስገኑ፣ በጣታቸው ይመስገኑ፣ በፀጉራቸውም ይመስገኑ፤ እርሱ ግን፣ ጽኑዕ ወመዋዒ፣ ዓምደ ጋራዥ፣ አሥራ ሰባት ሰው ሸኝቶ በሩን ያልዘጋ፣ ፊት ያልቆመ፣ ስሙ ያልተጠራ፣ ሁሉ ጥሎት ሲሄድ መምታቱን ያላቆመ፣ በመቅረቱ ይመስገን።