የሲኞር ኤጂዲዮ ጠመኔ

«ሰረዘው! በገዛ ደጄ፣ የገዛ ሰሌዳዬን!»

ኒቬስ ጭልፋዋን እንደያዘች የምግብ ቤቷ በር ላይ ቆማ ትጮኻለች። በጣሊያኗ ትሪየስቴ ከተማ ድስት የጣደ ሰው ሁሉ አንድ ቃል አዋቂ ይታዘዝበታል። የኒቬስ ዕጣ ክቡር ሲኞር ኤጂዲዮ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ። ከኪሱ መሀረብ ይጠፋ ይሆናል እንጂ ጠመኔ አይጠፋም። ዛሬ ሐሙስ ከምግብ ዝርዝር ሰሌዳዋ ላይ «ጉላሽ» የሚለውን ሰርዞ «የሥጋ ወጥ» ብሎበታል።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ረጋ ብሎ። «ሀንጋሪዎች ጉላሽ የሚሉት መጀመሪያ ከብት ጠባቂውን ነው፤ ቀጥሎ ሾርባውን። ሾርባ፣ ኒቬስ! እንዳንቺ ያለውን ወፍራም ወጥ ፐርከልት ይሉታል። ቪየና ሲደርስ ሾርባው ደረቀ። ጀርመኖች የወታደር ማብሰያቸውን የጉላሽ መድፍ አሉት። ቼኮች ደግሞ ነገር ለተምታታበት ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ጉላሽ አለ ይላሉ።»

«የእርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ ገና ዛሬ ገባኝ! እናቴ ጉላሽ እንዳለችው ሞታለች። ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ!»

ይኼ ሰውዬ ያንን «ጉላሽ ያልሆነ» ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ በልቷል። ሳህኑን በዳቦ ሲጠርገው ማጠቡ ራሱ ያሳፍራል።

በሚቀጥለው ሐሙስ መስኮቱ አጠገብ ያለው የኤጂዲዮ ወንበር ባዶ ዋለ። ሰሌዳውን የነካው የለም። ደንበኞቹም የሚሟገቱት ሲያጡ ጎርሰው ጎርሰው ውልቅ አሉ። ኒቬስ «ተገላገልኩ» አለች፤ ሰሌዳውን ግን አራት ጊዜ ወጥታ አየችው።

በሦስተኛው ሐሙስ አንድ የቪየና ሰው ሳህኑን ገፋ አደረገና «እመቤት፣ እኛ ዘንድ ጉላሽ እንዲህ አይደለም» አላት።

ኒቬስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የእናንተውስ ቢሆን የሀንጋሪ እረኛ ሾርባ አልነበር? መንገድ ላይ ነው የደረቀባችሁ!» ከከብቱ ተነስታ መድፉ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። ከመስኮቱ ውጪ ኤጂዲዮ ባርኔጣውን ከነፋስ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጸሎት እንደሚከተል ሰው ከንፈሩን አብሯት ያንቀሳቅሳል።

በሩን ከፈተችው። «ምን ይገትርዎታል?»

«ደጄን እንዳይረግጡ ብለሽኛል። እግረኛ መንገዱ የማዘጋጃ ቤት ነው። ደግሞ ቼኮቹን ዘለልሻቸው።»

«ይግቡ እባክዎ፣ ብርዱ ወጤን አቀዘቀዘው!»

ወጤን አለች፤ ጉላሼን አላለችም። ኤጂዲዮ ገባና በላ፤ ሳህኑን ጠረገ።

ሂሳቡን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችለት፦ «አንድ ፐርከልት፣ አሥራ ሁለት ዩሮ።» መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። እርሳስ አወጣ። ኒቬስ ጭልፋዋን ጨበጠች።

«ፐርከልት» የሚለውን ሰረዘው። ከላዩ «ጉላሽ» ብሎ ጻፈና ከፈለ።