የሞሚና አንዲት መስመር

ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን ሥራ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የሚጨርስ አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። እሱን ሁሉም ያደንቀዋል፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ግን አምላክ ይድረስለት። ጭሮ ከተማ ላይ አጠገብ የመቀመጡ ዕጣ የደረሰው ለእንዳሻው ነው።

እንዳሻው በአንድ የግብርና ቢሮ ሰባት ዓመት ሙሉ የምርት መረጃ ሲያጠናቅር የኖረ ባለሙያ ነው። የአራት ዓመቱን የማሽላ ምርት በየወረዳው ለመደመር አርባ መስመር ኮድ ይጽፋል። ይህን ወረዳ ውሰድ፣ ያንን ዓመት ጨምር፣ ወደሚቀጥለው እለፍ እያለ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን እጁን ይዞ ይመራዋል። ተሳስቶ አያውቅም። አድናቂም ኖሮት አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ክብርት ወይዘሪት ሞሚና ከበደሳ ከተማ ተዛውራ መጣች። ሰው ለፈንክሽን፣ ማለት የታዘዘውን ለሚሠራው የኮድ ቁራጭ፣ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ እሷ ግን የመደመር ምልክቱን ራሱን አንሥታ ትሰጠዋለች። እንካ፣ ይችን ይዘህ የየዓመቱን ሰንጠረዦች አዳርሳቸው እንደማለት ነው። በአንዲት መስመር አለቀ። ማባዛት ቢመጣም መስመሯ ያችው ናት፤ ምልክቷን ብቻ ትቀይራለች።

"አቦ ጋሼ እንዳሻው፣ ምን ያለፋሃል? ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ስጠው" ትለዋለች። ይኼ "ጋሼ" የሚሉት ነገር ደግሞ አለ፤ ሰውየው ገና ሠላሳ ስምንቱ ነው።

ቀና እንዳሻው፣ አንጀቱ እስኪያር ቀና። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያወራል። ይባስ ብሎ የቡድን መሪነቱ ቦታ ክፍት ሆነ። ሰባት ዓመት የጠበቀው ወንበር ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺሐረግም "ከሁለታችሁ ማን ይምራ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ" አሉ።

ሞሚና ለሥራ ቦኬ ወረዳ የወረደች ዕለት እንዳሻው እኔስ ማን ያንሰኛል አለና አንዲት መስመር ጻፈ። ምልክቷን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት እንዳለበት ረስቶ ኖሯል፤ ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ ተቆጣው። ተረቱ ዞሮ ራሱ ላይ ደረሰ። ምሥጢሩን ሊሰርቅ፣ እግረ መንገዱንም ለኃላፊዋ የሚጽፈው ጥፋት ሊያገኝባት የሞሚናን ፋይል ከፈተ። ከመስመሯ በላይ ማስታወሻ አለ፦

"ይህች መስመር የገባችኝ ጋሼ እንዳሻው በረጅሙ የጻፈውን ደጋግሜ አንብቤ ነው። የእኔና የእሱ ድምር ከተለያየ የእሱን እመኑ።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ቅናቱ ለቀቀው እንዳልል አለቀቀውም፤ አሁን ደግሞ በልቧም ንጽሕና ቀናባት።

በማግስቱ ወረቀቱን ለኃላፊዋ ሰጠ። "ሞሚና ትምራ፤ ድምሩን እኔ አጣራላታለሁ" ይላል። ስለ አንድ ወንበር እግር መሰበር ሦስት ገጽ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ነውና፣ ወይዘሮ የሺሐረግ ቀሪውን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጡት።