ለምረቃ የወጣው የዕድር ድንኳን

በአገራችን ድንኳን ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ይደገስበታል ወይ ይለቀስበታል። ሦስተኛ ሥራ ልስጠው ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእኔ ይጠይቅ። ፈረንጆቹማ ድንኳን የሚተክሉት ለመዝናናት ነው አሉ። ደህና አልጋ እያላቸው እሱን ትተው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ፤ ትንኝ ሲበላቸው ያድርና ጠዋት «እንዴት ደስ ይላል!» ይባባላሉ። ስሙም ካምፒንግ ነው። ይህን በስልኬ አይቼ «ምን አለበት?» ባልኩ ጊዜ ምላሴን በቆረጠው ኖሮ!

እኔ አዲጋላ በምትባል የባቡር ከተማ፣ በወረዳው መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬ የሰው ፋይል እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ የራሴን ጉዳይ ግን ሳላበላሽ ውዬ አላውቅም። አባቴ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያ ባቡር ከቀረ ስንት ዘመኑ! አባባ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከዘራውን ይዞ ጣቢያው ድረስ ይሄድና ሐዲዱ ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጦ ይመለሳል። ታናሽ እህቴ ሒሩት ደግሞ ጅግጅጋ ነርስነት ተምራ የምትመረቅበት ቀን ደርሶ ነበር።

ሒሩትን ያሳደጋት አባባ ነው። እናታችን ለሕክምና ድሬዳዋ ሄዳ ሳትመለስ የቀረችው ሒሩት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ለሕፃን መርዶ አይነገርም ተባለና ጎረቤት ቤት ወስደን አስቀመጥናት። ስትጠይቀኝ «እማማ ደህና ናት፤ አንቺ ስለ ፈተናሽ አስቢ» እያልኩ ሦስት ሳምንት ዋሸኋት። የሰማችው ለቅሶው አብቅቶ፣ ድንኳኑ ከተጠቀለለ በኋላ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

አባባ እግሩን ስለሚያመው «አልችልም፣ አልመጣም» ብሎ ለሒሩት ነግሯት ነበር። ውስጥ ውስጡን ግን ኮቱን አሳጥቦ ሰቅሏል። «ድንገት ስታየኝ ፊቷ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ፤ ትንፍሽ እንዳትል» አለኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ልጅ ሲያሤር ማየት አንጀት ይበላል። መንገዱን ማሰናዳት የእኔ ፈንታ ሆነ፤ ጥፋቱም የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ከወር በፊት «በምረቃ ሰሞን ጅግጅጋ አልጋ አይገኝም፤ አሁኑኑ ደውለህ ያዝ» ብሎኝ ነበር። ያን የሚያህል ከተማ ለሁለት ሰው አልጋ ያጣል ወይ ብዬ ሳቅሁበት። ሦስት ቀን ሲቀረኝ ስደውል ባለሆቴሎቹ ሳቁብኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ያኔ ነው ካምፒንግ ትዝ ያለኝ። እኛ ሰፈር ድንኳን ያለው ዕድሩ ብቻ ነው። የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ሙላቱን ሄጄ ድንኳኑን ስጠይቃቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ማን ሞተ?» አሉ። ማንም አልኳቸው። «ማን አገባ?» አሉ። ማንም አልኳቸው። ግራ ተጋብተው ተመልሰው ቁጭ አሉ። ጅግጅጋ ላይ አባባና እኔ ልናድርበት መሆኑን ባስረዳኋቸው ጊዜ «ይህ ድንኳን ስልሳ ሰው ነው የሚይዘው፤ ስትገላበጡ እንዳትጠፋፉ» አሉኝ። ሸራው ከወጥ ጭስ ብዛት ጠቁሯል። ከብረቶቹ አንዱ ጠፍቶ በምትኩ የገባው ከባቡር ጣቢያው የተረፈ ብረት ነው፤ አባባ በዚያ ብረት ሲኮራ አይጣል ነው።

ድሬዳዋ ላይ የጅግጅጋን መኪና ስንይዝ ድንኳኑ ከነብረቱ ጣራ ላይ ተጫነ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓለም ተለወጠ። ረዳቱ ስለ ጭነቱ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ» አለኝ። ለአባባና ለእኔ የፊት ወንበር ተለቀቀልን። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ከኋላ ጫት የያዙት ሳይቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ኬላው ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሻንጣው ሲበረበር፣ ፈታሹ ወደ ጣራው ቀና ብሎ አየና የእኛን ሻንጣ ሳይነካ አለፈን። ባቢሌ ስንቆም ለውዝ የምትሸጠዋ ሴት አንድ እፍኝ ጨምራልኝ «አብሽር» አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ማንም አልሞተብኝም፣ ዝንጉ ስለሆንኩ ነው ይባላል? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፊት ወንበርን የመሰለ ነገር የለም።

እዚያው ባቢሌ ሳለን ሒሩት ደወለች። የአባባ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው፤ አገናኘኝ አለችኝ። አባባ በመኪናው መስኮት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ያፈጥብኛል። እኔም «አባባ ደህና ነው፤ አንቺ ስለ ነገው አስቢ» አልኳት። «እሺ» ብቻ ብላ ዘጋችው። እዚህ አገር ያደገ ሰው «ደህና ነው፤ አንተ ስለ ፈተናህ አስብ» ሲባል ምን እየተደበቀ እንደሆነ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። የሰው ጆሮ ግን የራሱን አፍ አይሰማም።

ጅግጅጋ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሜዳው ጥግ ላይ ደግሞ ሻይ የምትሸጥ ሶማሊ ሴት አለች። ሰፈሩ ሁሉ ኢዶ ሰዓዳ ይላታል፤ ኢዶ እንግዲህ አክስት እንደማለት ነው። እዚህ ብንተክል ቅር ይላታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ድንኳኑን አየች፣ ኮት የለበሰውን ሽማግሌ አየች፣ «ዋላል፣ ወንድሜ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ?» አለች።

የጅግጅጋን ነፋስ የማያውቅ አይፍረድብኝ። ካስማ ስመታ ሸራው ይነሣል፤ ሸራውን ስይዝ ብረቱ ይወድቃል፤ ያን ሁሉ ስይዝ አንዲት ፍየል ገመዱን ታኝካለች። አባባ የኢዶ ሰዓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባቡር የሚያስገባ ይመስል በከዘራው ግራና ቀኝ ያመላክተኛል። ብዙ አልቆየም፣ አንድ ባጃጅ ቆመና ሾፌሩ ወርዶ መዶሻውን ከእጄ ተቀበለኝ። ሌላ ባጃጅ ቆመ። ድንኳኑ ቀጥ አለ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ገባ። ከዚያ ሰው ገባ። የቤተ ክርስቲያን ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የሶማሊ ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ኢዶ ሰዓዳ በትልቅ ፔርሙስ የወተት ሻይ አመጣች። ለቅሶ ቤት ደግሞ ገና እንደገቡ «ማን ሞተ?» አይባልም፤ ተቀምጦ ዝም ነው።

ሲብስብኝ ተነሥቼ ቆምኩና «ወገኖቼ፣ ማንም አልሞተብንም፤ እህቴ ነገ ትመረቃለች» አልኩ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁሉም በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ገብቶናል። ልጅቷ እስክትመረቅ ነው። ደግ አድርጋችኋል፤ ከእኛ አፍ አይወጣም» አሉኝ። ስዋሽ ሁሉም ያምነኛል፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።

ወታደሩ ወደ አባባ ዞረው «ማንን አጡ፣ አባቴ?» አሉት። እኔ ግራ የገባው ሽማግሌ ምን ይል ይሆን እያልኩ ሳፍር፣ አባባ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመና «ባለቤቴን» አለ።

እውነቱን ነው! መቼ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ከዚያ እያወራ ሄደ። ሚስቱ ፊደል አታውቅም ነበር። ልጅቷን ግን በየማታው ደብተሯን አስዘርግታ ታያት ነበር፤ ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ «ይህ አላማረም፣ ድገሚው» ትላት ነበር። ልጅቷም ትደግመው ነበር። አባባ ይህን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ፤ ኢዶ ሰዓዳም በሻርፗ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ አለቀስኩ።

በዚህ መሀል ነው ሒሩት የደረሰችው። ለካ ጓደኛዋ ፀጉር ቤት ድረስ ሄዳ «ከአዲጋላ የመጡ ሰዎች ከግቢው አጠገብ ለቅሶ ተቀምጠዋል» ብላታለች። የግራው ሹሩባ ተሠርቶ የቀኙ ፀጉር እንደተበተነ ነው። አንድ ጫማ በእግሯ፣ አንድ ጫማ በእጇ አድርጋ «አባባዬን! አባባዬን!» እያለች ገባች። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ፣ ፊት ለፊቷ አባባ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል።

አባባ ሊያየው የፈለገውን ፊት አየ። እንዲህ አድርጎ ግን አልነበረም የፈለገው። እግሩ ሥር ወድቃ ጉልበቱን አቀፈች፤ እጁን፣ ጉንጩን እየዳሰሰች ሙቀት እንዳለው አረጋገጠች። ከዚያ ተነሣችና በያዘችው ጫማ እኔን ሁለት ጊዜ አጮለችኝ። «ሁለተኛ ደህና ነው አትበለኝ! እማማንም ደህና ናት ብለኸኝ ነበር» አለች።

ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው ስዞር የነበረውን ይቅርታ እዚያው፣ ጉንጬ በጫማ እንደጋለ፣ ጠየቅኋት። አባባ ደግሞ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላትና «ነይ ቁጭ በይ። ያኔ አላስቀመጥንሽም፤ አሁን እናትሽን እናልቅሳት» አላት። ተቀመጠች። አባባ ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ በግማሽ ሹሩባ፣ ለእናቷ ለቅሶ ተቀመጠች። እንግዶቹ ግራ ቢገባቸውም ተነሥቶ የሄደ የለም። በመጨረሻ ነገሩ ሲገባቸው ወታደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ታዲያ ምረቃው ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

አባባን ኢዶ ሰዓዳ ቤቷ ወስዳ በደህና አልጋ አሳደረችው። በስልሳ ሰው ድንኳን ከፍየሏ ጋር ያደርኩት እኔ ነኝ። ካምፒንግ ይህ ከሆነ ለፈረንጆቹ ይሁንላቸው።

በማግስቱ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው፣ ሽማግሌዎቹ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ሆቴል የያዙት ቤተሰቦች ሦስት አራት ሆነው ፎቶ ሲነሡ፣ የእኛ ሒሩት ትናንት በተዋወቅናቸው ሠላሳ ዘመዶች ተከባ ቆመች። ፎቶ አንሺው ሁሉንም አላስገባ ሲለው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ፍየሏ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። የምረቃው ቆብ ያልተሠራውን ፀጉር ሸፈነላት። አባባ ኮቱን ለብሶ አጠገቧ ቆሟል፤ ያን ቀን ከዘራውን ረስቶ ነበር የሄደው።

ዛሬ ሒሩት ደምበል ወረዳ ነርስ ናት። ስትደውል «አባባ ደህና ነው» ማለት ለእኔ ክልክል ነው። አባባ ስልኩን ራሱ ተቀብሎ «ድንኳኑ ዕቃ ቤት ነው» ይላታል። እሷም «ተመስገን» ትልና ወደ ሌላ ወሬ ትገባለች። ሰላምታችን ይኸው ነው፤ የሚሰማን ሰው ያበድን ይመስለዋል።

ባለፈው ሰሞን ጋሽ ሙላቱ ልጃቸውን ዳሩ። በዋዜማው ሒሩት ደወለች። አባባ የባቡር ሰው ነው፣ ከጅግጅጋ ወዲህ መዋሸት አይሆንለትም፤ «ድንኳኑ ወጥቷል» አላት። ለሠርግ መሆኑን ሊጨምር አፉን ሲከፍት ኔትወርኩ ጠፋ። ብንደውል፣ ብንደውል እምቢ አለ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሠርገኛው እየጨፈረ፣ አንድ መኪና ድንኳኑ በር ላይ ቆመና ሒሩት ወረደች። የግራው ሹሩባ ተሠርቷል፤ የቀኙ እንደተበተነ ነው።

አባባ እቅፍ አድርጎ ያዛት፤ ያልተሠራውን ፀጉሯን በመዳፉ ሲያሻሽ ቆየ። ከዚያ በትከሻዋ አሻግሮ ወደ እኔ አየና «ይህች ልጅ ሹሩባዋን ተሠርታ የምትጨርሰው እኔ የሞትኩ ዕለት ነው» አለኝ።