ጽድ ይሁን ወይራ?

ሰውን የሚያናድደው ሳይጠየቅ መቅረቱ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከተወሰነ በኋላ መጠየቅ ይብሳል። ድግሱ ተደግሶ፣ ሙሽራዋ ገብታ፣ ዘፈኑ ደምቆ ሳለ ሙሽራውን ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ማግባት ትፈልጋለህ?» እንደማለት ነው። ምን ይመልሳል? የቀረለት የኬኩን ዓይነት መምረጥ ነው።

እኛ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብለን የምንኖር ሰዎች የተጠየቅነው እንዲህ ነው። አጋንኜ እንዳይሆን ማስታወሻዬን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አላጋነንኩም።

ነገሩ ጎርፍ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ከላይ እየተንደረደረ ይመጣል፤ እኔ ቤት ገብቶ ጫማዬን አንሳፍፎ ያውቃል። ስለዚህ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታ ስብሰባ ጠርታ፣ በሲሚንቶ ፋንታ ዛፍና ሣር ውሃውን አስርገው የሚያስቀሩበት የአትክልት ስፍራ ይሠራላችኋል ስትለን ደስ ያላለው አልነበረም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይህን ሳልል ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። ከዚያ ካርታ አሳየችን። ቦታው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ «ክፍት ቦታ» የሚል ተጽፎበታል።

ክፍት ቦታ! እድራችን የለቅሶ ድንኳን የሚተክልበት ሜዳ ነው እኮ። ሙስሊሙም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሲሞት ለቀስተኛ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሌላው ሁሉ ቁልቁለት ነው።

ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም ትሉኝ ይሆናል። የፊተኛው ወንበር ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሸረፋ ተቀምጠው ነበራ። ጋሽ ሸረፋ ከታመሙ ወራት አልፏቸዋል፤ ሐኪሞቹም ልጆቻቸውን ለብቻ ጠርተው አነጋግረዋል። ቀጣዩ ድንኳን የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በእሳቸው ፊት ተነስቶ «ድንኳን የት ልንተክል ነው?» የሚል ማን ነው? ሟርተኛ ካልሆነ! ጎረቤቴ እትዬ አስቴር እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ጋሽ ሸረፋን ሲያዩ በዚያው እጃቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ዝም አልን። ባለሙያዋ ዝምታችንን ወደደችው። «እንግዲህ አስተያየት ከሌለ፣ የሚተከለው ጽድ ይሁን ወይራ?» አለች። ወይራ አልን። በአብላጫ ድምፅ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ፕሮጀክት ይገባል።

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። «ተቃውሞ» በሚለው ሥር «አልቀረበም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ አልቀረበም። ያን ያህል የዋሸሁበት እውነት ግን ትዝ አይለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ ቆፋሪዎች ይዛ መጣች። ጋሽ ሸረፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡና ሜዳው መሃል ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ይነሱልን፤ ሥራ ልንጀምር ነው» አለች።

«እኔ ስሞት ሰው የት ሊቀመጥ ነው፣ ልጄ? ወይራው ላይ?»

«በኢየሱስ ስም! ኧረ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ንግግር ነው!» ብለው ጮኹ እትዬ አስቴር።

«ተይኝ አስቴር! እናንተ ስታፍሩ ነው ሜዳው የሄደው። መታመሜን እኔ ያልሰማሁ መሰለሽ?»

ባለሙያዋ ግራ ገባት። «ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልነገሩንም?»

«የጠየቅሽኝ ጽድ ይሁን ወይራ ነዋ! ውሃው የት እንደሚተኛ ብትጠይቂኝ ከታች ካለው ጋራዥ ጀርባ ወስጄ አሳይሽ ነበር። እዚህ ውሃ አያድርም። አባቶቻችን ድንኳን መትከያ ያደረጉት ለምን ይመስልሻል?»

አያችሁ? ይህን ለማወቅ የሳተላይት ካርታ አያስፈልግም፤ በክረምት ኮልፌ መጥቶ አንድ ለቅሶ መድረስ ይበቃል። ዝም ብለን ወይራ የመረጥነውን እኛንም ጨምሮ ሁሉም አናደደኝ።

ባለሙያዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «ዲዛይኑ ግን ጸድቋል፤ እንዲቀየር ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያያዛል… ጊዜ ይወስዳል» አለች።

«ይውሰዳ» አሉ ጋሽ ሸረፋ። «እስኪቀየር እኔም አልሞትም።»

ደብዳቤውን ጻፍኩ። በየሳምንቱ ቢሮው ድረስ እሄዳለሁ፤ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። ቆፋሪዎቹ አልተመለሱም፤ ውሃውም ከጋራዡ ጀርባ እንደተኛ ነው። ጋሽ ሸረፋ ግን ቃላቸውን ጠብቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሲያዩኝ ገና ከሰላምታው በፊት «ደብዳቤውስ?» ይሉኛል።

«ገና ነው ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ፣ ይህን ስነግራቸው ደስ እያለኝ መምጣቱ ነው።