የኮምፖስቴ ችሎት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቆሻሻ ሰውን ሲጠርግ አየሁ። የሙዝ ልጣጮች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ የሽንኩርት ቅርፊት ፊሽካ እየነፋላቸው፣ ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ ነዋሪውን በመጥረጊያ ያንከባልሉና ጆንያ ውስጥ ይከቱታል። «የሚበሰብስ በግራ፣ የማይበሰብስ በቀኝ» ይላሉ። እኔን ምንም አልገረመኝም። ተናድጄ ነበር የተኛሁት፣ ንዴቴም አብሮኝ ሕልሜ ውስጥ ገብቷል።

ያናደደኝ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ሸዋንግዛው ነው። ከብሎካችን ጀርባ አራት ወር ሙሉ የለፋሁበት የኮምፖስት ክምር አለኝ። ገለባ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ እበት፣ አመድ፣ አፈር እያነባበርኩ፣ በየሦስት ሳምንቱ በዚህ በሚያመኝ ወገቤ እየገለበጥኩ፣ ይኸው ለክረምቱ ጎመኔ ሊደርስልኝ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ችግኙ በጣሳ ሆኖ እሱን ይጠብቃል። ሸዋንግዛው ትናንት አመሻሽ ላይ በሬን አንኳኳና «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይሸታል ተብሏል። እስከ ጠዋት ካላነሱት እናስነሳዋለን» ብሎኝ ሄደ። ማን እንዳለ አይናገርም። ብቻ ተብሏል።

ኮምፖስት በወጉ ከተሠራ አይሸትም። የኔም አይሸትም ነበር፣ ሸዋንግዛው ልጁን ባስመረቀ ማግስት አንድ ባልዲ አጥንትና የወጥ ቅባት አምጥቶ እስኪደፋበት ድረስ። ለሱ የተከመረ ነገር ሁሉ የቆሻሻ መጣያ ነው። ውሻ ከያለበት ተሰብስቦ ሲቆፍረው አደረ። አጥንቱን አንድ በአንድ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ይሸታል ብሎ የመጣው ደግሞ እሱ።

በሕልሜ እንግዲህ ወረዳ ሄጄ ልከሰው በሬን ብከፍት፣ የወረዳው ሠራተኞች ፋይል ታቅፈው ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል። «እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል፣ እባክዎ ይፈርሙልን» አለችኝ፣ ሁልጊዜ ስሄድ ቀና ብላ እንኳ የማታየኝ ጸሐፊ።

«ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ» አልኳት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደረጃውን ወርዳ ልትጨርስ ስትል መልሼ ጠራኋትና «ሁለት ጉርድ ፎቶም ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ስወርድ ግቢው ችሎት ሆኗል። ዳኛው ክምሬ ነው። ራሱ ክምሬ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ካባ ደርቦ ወንበር ላይ ጉብ ብሏል።

«ክሱ ምንድን ነው?» አለ።

ሸዋንግዛው ተነሳ። «ማንጠግቦሽ ትሸታለች ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ተብሏል፣ ክቡር ዳኛ።»

ደሜ ፈላ። «መጀመሪያ አጥንቱን ማን እንደደፋ ጠይቁት» ብዬ ጮህኩ። ምስክር ይጠራ ተባለና አንዲት ፍየል ገባች። አንገቷን በሻሽ ጠምጥማዋለች፣ የታረደችበትን ለመሸፈን መሰለኝ።

«አጥንቱ የኔ ነው» አለች ረጋ ብላ። «ልጁ የተመረቀ ቀን ነው የታረድኩት። ቅልጥሜን ራሱ ነው የጋጠው። ባልዲውንም የተሸከመው እሱ ነው።»

«ይህች ፍየል የግቢያችን ነዋሪ አይደለችም» አለ ሸዋንግዛው።

«መታወቂያ አለሽ?» አላት ዳኛው። የላትም። «እንግዲያው ቃሏ ይሰረዝ።»

እንዴት አልናደድ። «አንተ የኔ ክምር አይደለህም ወይ? በነዚህ እጆቼ አይደል የሠራሁህ?» አልኩት።

«እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ማንንም አላውቅም» አለኝ፣ ካባውን እያስተካከለ።

ከዚያ ዱላ አስመጣ። ኮምፖስት የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ክምሩ መሀል ረጅም ዱላ ይሰካል፣ ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ይገለበጣል፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውስጡ ምንም እየተብላላ አይደለም። መጀመሪያ ሸዋንግዛው ብብት ሥር ሻጡት። ቀዝቅዞ፣ ደርቆ ወጣ። «የማይበሰብስ ነው፣ ወደ ሊቀመንበርነቱ ይመለስ» ተባለ። ቀጥሎ እኔ ብብት ሥር ሻጡት። ሲያወጡት ይጨሳል። የያዘው የሙዝ ልጣጭ እጁን ፈጀውና ወረወረው።

«ይቺ በጣም ግላለች፣ ትገልበጥ» ሲል ፈረደ ዳኛው።

አራት ልጣጮች አካፋ ይዘው ከበቡኝ። «እኔን አይደለም፣ እሱን ገልብጡት» እያልኩ ስታገል አካፋው ሲሚንቶ ሲፍቅ ሰማሁና ነቃሁ።

ነግቷል። የአካፋው ድምፅ ግን አላቆመም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ጫማ እንኳ ሳላጠልቅ ወረድኩ። ከብሎኩ ጀርባ ክምሬ የነበረበት ቦታ ተጠርጎ፣ ሁለት ወጣቶች የቀረችውን አፈር እየፋቁ ነው። የአራት ወር ልፋቴን የጫነው መኪና ከግቢው በር እየወጣ ነው። ሸዋንግዛው መሰላል ላይ ቆሞ ባነር ይሰቅላል። «ሞዴል የኮምፖስት ማዘጋጃ ቦታ» ይላል።

«ተነሱ እንዴ እትዬ? ልናስጠራዎት ነበር» አለኝ ከላይ ሆኖ። «አራት ሰዓት ላይ ከክፍለ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ። ኮምፖስት እንዴት እንደሚሠራ እርስዎ ነዎት የሚያስረዱልን።»

«ኮምፖስቱስ?» አልኩት።

«እሱማ እንግዶቹ ሳያዩት ቶሎ አስነሳነው» አለ። «ያሳፍራል።»