የመጀመሪያዋ ጉርሻ

የሰፈራችን ሰው ጋሽ ዘርጋው አንድ ቀን እንኳ ሳይታገል ሃያ ዓመት በትግል የኖረ ሰው ነው። ታጋይ ይመለምላል፣ ያሠለጥናል፣ በየከተማው አዳራሽ እየወሰደ ሁለት ሁለቱን እያያያዘ ያታግላል። እሱ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ "ግፋ! አትፍራ!" ይላል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ይህን የሚክድ ጎረቤት የለም። ጀርባው ግን አቧራ ነክቶት አያውቅም።

ትግሉ ለትርዒት ስለሆነ የሚወድቀው ሰው አስቀድሞ ይታወቃል። ጋሽ ዘርጋው "አንተ ውደቅ" ብሎ አይናገርም፤ ሰው ማስቀየም አይወድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትርዒቱ በፊት ታጋዮቹን አንድ ትሪ ዙሪያ ይሰበስብና ያጎርሳል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ የተቀበለ፣ የዚያን ቀን ወዳቂው እሱ ነው። ስንቱ ልጅ ከእጁ በልቶ ወደቀ! ጉርሻው ደግሞ አፍ ይሞላል፤ አኝከው እስኪውጡት "ለምን እኔ?" ለማለት አይመችም።

ላቀውና ደርበው አብሮ አደጎች ነበሩ፤ በአንድ ብርድ ልብስ የሚያድሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላቀው ጋሽ ዘርጋው ዘንድ መጣ።

"ጋሼ፣ የዛሬን አያጉርሱኝ። የእጮኛዬ አባት ሊያዩኝ ይመጣሉ። ወድቄ ካዩኝ ልጃቸውን አይሰጡኝም።"

"ሂድ፣ አይዞህ" አለው።

እሱ ሲወጣ ደርበው ገባ። የታመመ አባቱ ከገጠር መጥቷል፤ ልጁ ሲያሸንፍ አንዴ አይቶ መመለስ ይፈልጋል።

"ሂድ፣ አይዞህ" አለው እሱንም።

የዚያን ቀን ለየብቻ አበላቸው። ማንንም አላጎረሰም። እያንዳንዱም ጉርሻዋ ለጓደኛዬ ደርሳለች ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ።

እኛ ፊት ወንበር ላይ ነበርን። ሲያያዙ ፈገግ ይሉ ነበር።

"ውደቅ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለ ላቀው ቀስ ብሎ።

"አንተ ነህ እንጂ! ጎርሰህ የለም እንዴ?"

"እኔ? ውሸታም!"

"ውሸታም አንተ!"

ፈገግታው ጠፋ። አዳራሹ እንደዚያ አጨብጭቦ አያውቅም። ጋሽ ዘርጋው ከጥጉ፣ እንደ ልማዱ፣ "ግፋ! አትፍራ!" ይላል፤ ለየትኛው እንደሚል ራሱም አላወቀም። አንዲት ቃል ቢናገር ይላቀቁ ነበር። ተያይዘው ወደቁ። ላቀው ከታች ነበር፤ አንገቱ ሲሰበር ሰማነው። ደርበው ላዩ ላይ ተደፍቶ ይጮሃል። ጋሽ ዘርጋው ሮጦ መድረኩ ላይ ወጣ። ከኋላ ያለው ሕዝብ የሆነውን ስላላየ፣ ቆሞ ለታየው ሰው አጨበጨበ።

ላቀው አልሞተም፤ ከአንገቱ በታች ያለው ግን የእሱ አይደለም። እጮኛው ለሌላ ተዳረች። የደርበው አባት ልጁ ሲያሸንፍ አይቶ፣ ልጁን ሳይመርቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። ደርበው ትግል ትቶ ጠዋት ማታ ጓደኛውን ያጎርሳል።

ጋሽ ዘርጋው ላቀውን ሊጠይቅ የሄደው በስድስተኛው ወር ነው፤ ሙዝ ይዞ፣ እኛን ጎረቤቶቹን አስከትሎ። የላቀው ምሳ ቀርቦ ነበር። ለጋሽ ዘርጋው ወንበር ቢሰጡት "ግድ የለም" ብሎ ቆመ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩን" አለ ደርበው። "የዚያን ቀን ወዳቂው ማን ነበር?"

ጋሽ ዘርጋው ጣሪያውን አየ።

"ትግል ነው፣ ልጄ።"

ደርበው ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ላቀው አፍ አስጠጋ። ላቀው ዓይኑን ብቻ ወደ እንግዳው አዞረ።

"የመጀመሪያዋን ጋሼን አጉርሳቸው።"

ደርበው ጉርሻዋን ወደ እንግዳው አዞረ። እጁ እስኪዝል ጠበቅን። ጋሽ ዘርጋው አፉን አልከፈተም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሳይወድቅ እንደቆመ ነው።