ከዓሣ ቀለብ በታች

የስኳር መድኃኒቴ ከዓሣ ቀለብ በታች መደረጉ በደል ነውና ይመዝገብልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ባሕር አለ ብል ታምናላችሁ? ልጄ ሳሎኑ ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ ጨው በጥብጦ፣ ከነኮራሉ ከነዓሣው ሠርቶታል። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ፍሪጅ ምግባቸውን አቀዝቅዛ ትይዝና በየሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ታጎርሳቸዋለች። እኔን በዚህ ዕድሜዬ በየሰዓቱ የሚያጎርሰኝ አለ?

ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ የቤቱ ፍሪጅ ሲሞቅ የእነሱ ግን በሶላር መሥራቷን ቀጠለች። ኢንሱሊኔን ይዤ ሄድሁና «እዚያች ውስጥ አስገባልኝ» አልሁት።

«እማዬ፣ በሯ ሲከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል፤ ምግባቸው ይበላሻል።»

«የእኔስ መድኃኒት ቢበላሽ?»

«በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጥልሻለሁ።»

መብራቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ለመንሁት። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ እኮ ሲያምሽ ትናገሪያለሽ፤ እነሱ ለማን ይናገሩ?»